18:1 ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ሊፒድ ዓይነቶች፣ አሠራርና አሰያየም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ተማሪ ነኝ። ባዮኬሚስትሪ ላይ ሊፒድ የሚለው ምዕራፍ ስንደርስ ጠፋብኝ። አንዱ መጽሐፍ ኦሌይክ አሲድን ‹18:1 ዴልታ 9› ይለዋል፤ ሌላው ‹ኦሜጋ 9› ይለዋል። ቁጥሩ አንድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሊኖሌይክ ላይ ስደርስ ግን ‹ዴልታ 9፣12› የተባለው ‹ኦሜጋ 6› ሆኖ አገኘሁት። ስፊንጎማይሊን አንዴ ፎስፎሊፒድ፣ አንዴ ስፊንጎሊፒድ ውስጥ ተመድቧል። ኮሌስትሮልስ ስብ ነው ወይስ አይደለም? ቤታችን ያለው የፓልም ዘይት በኅዳር ጠዋት ሲረጋ የኑግ ዘይት ለምን አይረጋም? የእናቴ የደም ምርመራ ላይ ያሉት ኤልዲኤልና ኤችዲኤል ከየትኛው ክፍል ናቸው? ይሄን ሁሉ መሸምደድ ነው ያለብኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መሸምደድ ያለብሽ ጥቂት ነው። የሊፒድ ስም ሞለኪውሉ በምን ላይ እንደተሠራ፣ በምን ዓይነት ቦንድ እንደተያያዘና ቁጥሩ ከየት እንደተጀመረ ይናገራል። እነዚህን ሦስቱን ከስሙ ማውጣት ከቻልሽ ከዚህ በፊት ያላየሽውን ሊፒድ እንኳ ወረቀት ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ስለዚህ በጥያቄሽ ቅደም ተከተል ሳይሆን ከመሠረቱ ልጀምር።

ፕሮቲን ከአሚኖ አሲድ፣ ካርቦሃይድሬት ከስኳር የተሠራ ነው። ሊፒድ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ጡብ የለውም፤ ትርጉሙ የወጣለት ከጠባዩ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም ወይም በጣም በጥቂቱ ነው የሚሟሟው፤ ክሎሮፎርም፣ ኢተርና ሄክሴን ውስጥ ግን ይሟሟል። ይህን ለማየት ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ቀይ ወጥ ሲንተከተክ ቅላቱ ከላይ ከሚንሳፈፈው ዘይት ጋር ይወጣል፤ የበርበሬው ዋና ቀለም ካፕሳንቲን ባለ 40 ካርቦን ሊፒድ ስለሆነ ነው። ቀይ ሥር ስትቀቅዪ ግን ቀለሙ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ውሃ የሚወድ፣ ከሊፒድ ወገን ያልሆነ ቀለም ነውና።

ትርጉሙ ከጠባይ የመጣ በመሆኑ በመልክ የማይገናኙ ሞለኪውሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል። ፓልሚቲክ አሲድ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ኮሌስትሮል አራት ቀለበት ነው፤ ሁለቱም ሊፒድ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊፒድ ማፕስ በሚባለው ጥምረት የወጣው ምደባ ስምንት ክፍሎች አሉት፦ ፋቲ አሲዶችና ተወላጆቻቸው፣ ግሊሰሮሊፒዶች፣ ግሊሰሮፎስፎሊፒዶች፣ ስፊንጎሊፒዶች፣ ስቴሮሎች፣ ፕሬኖሎች፣ ሳካሮሊፒዶችና ፖሊኬታይዶች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በመጀመሪያ ኮርስ ብዙም አይነሱም፤ የመድኃኒት ቤቶቹ ኤሪትሮማይሲንና ቴትራሳይክሊን ፖሊኬታይዶች እንደሆኑ ማወቁ ለጊዜው ይበቃል። ስድስቱን ግን ማወቅ ግድ ነው። ከስድስቱም የመጀመሪያውን በደንብ የያዘ ሰው የሦስቱን ተከታይ ክፍሎች ስም በቀላሉ ያነባል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜያችንን እዚያ ላይ እናጥፋ።

ፋቲ አሲድ አንዱ ጫፉ ላይ የካርቦክሲል ቡድን (COOH)፣ ሌላው ጫፉ ላይ ሜታይል (CH3) ያለው የካርቦን ሰንሰለት ነው። «18:1» ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር የካርቦኖቹ ብዛት፣ ሁለተኛው የድርብ ቦንዶቹ ብዛት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የካርቦክሲሉ ካርቦን ከ18ቱ አንዱ ነው። 18 ካርቦን በዚግዛግ ከተሣለ በኋላ ጫፉ ላይ ካርቦክሲል ከተጨመረ 19 ይሆናል፤ ስሙም ሌላ ይሆናል። ከዚህ ስህተት ለመዳን መጀመሪያ ካርቦክሲሉን ሳዪና «1» ብለሽ ጻፊበት፤ ከዚያ እያንዳንዱን የዚግዛግ መታጠፊያ እየቆጠርሽ እስከ 18 ሂጂ። የመጨረሻው ነጻ ጫፍም ካርቦን ስለሆነ እሱን ሳትቆጥሪ እንዳታልፊ።

ዴልታ የሚባለው አቆጣጠር ከካርቦክሲሉ ይነሳል። «ዴልታ 9» ድርብ ቦንዱ በ9ኛውና በ10ኛው ካርቦን መካከል ነው ማለት ነው፤ የሚጻፈው ትንሹ ቁጥር ብቻ ነው። ኦሜጋ ደግሞ ከሜታይሉ ጫፍ ይነሳል። በቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ሕንጻ እየቆጠርሽ ፖስታ ቤቱ ጋ ስትደርሺ የምታገኚው ቁጥርና ከለገሃር ሽቅብ ቆጥረሽ የምታገኚው ቁጥር የተለያየ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ግን ያው አንድ ቦታ ነው። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነትም ይኸው ብቻ ነው።

ያሳሳተሽ ኦሌይክ አሲድ ነው። ድርብ ቦንዱ የ18ቱ ካርቦኖች ልክ መሃል ላይ ስለወደቀ ከየትኛውም ጫፍ ቢቆጠር 9 ይመጣል። ሊኖሌይክ ላይ ይህ መገጣጠም የለም። ማስያው እንዲህ ነው፦ ከካርቦኖቹ ብዛት ላይ ትልቁን የዴልታ ቁጥር ቀንሺ፤ የሚቀረው የኦሜጋ ቁጥር ነው። ኦሌይክ፦ 18 ሲቀነስ 9፣ ኦሜጋ 9። ሊኖሌይክ፣ 18:2 ዴልታ 9፣12፦ 18 ሲቀነስ 12፣ ኦሜጋ 6። አልፋ ሊኖሌኒክ፣ 18:3 ዴልታ 9፣12፣15፦ 18 ሲቀነስ 15፣ ኦሜጋ 3። የጎመን ዘር ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኤሩሲክ አሲድ 22:1 ዴልታ 13 ነው፤ 22 ሲቀነስ 13፣ እሱም ኦሜጋ 9 ነው።

ወደ ኋላም መሥራት ይቻላል። ኦሜጋ የሚነግርሽ ለሜታይሉ የሚቀርበውን አንዱን ድርብ ቦንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የምታገኚው 3 እየቀነስሽ ነው። በተፈጥሮ ከሚገኙት ብዙ ድርብ ቦንድ ካላቸው ፋቲ አሲዶች አብዛኞቹ በሁለት ድርብ ቦንዶች መካከል ልክ አንድ ሜቲሊን (CH2) ስለሚያስገቡ ነው። ዲኤችኤ የሚባለውን ፋቲ አሲድ እንይ፤ 22:6 ኦሜጋ 3 ነው። 22 ሲቀነስ 3፣ 19። ከዚያ 16፣ 13፣ 10፣ 7፣ 4። ስድስቱም ተገኙ። አራኪዶኒክ አሲድ 20:4 ኦሜጋ 6፦ 14፣ 11፣ 8፣ 5። ኢፒኤ 20:5 ኦሜጋ 3፦ 17፣ 14፣ 11፣ 8፣ 5። ይህ ደንብ የማይሠራበት ቦታም አለ፦ የላምና የበግ ወተት ስብ ውስጥ ያለው ሩሜኒክ አሲድ 18:2 ሆኖ ድርብ ቦንዶቹ 9 እና 11 ላይ ናቸው፤ አንዱ ሲስ (ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በአንድ ወገን) ሌላው ትራንስ (በተቃራኒ ወገን) ነው። እንዲህ ያሉት ሁሉም ቁጥሮቻቸው ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ሁለት አቆጣጠር ለምን አስፈለገ? ኬሚስቱ ዴልታን የሚመርጠው እያንዳንዱን ድርብ ቦንድ ስለሚያስቀምጥለት ነው። ኦሜጋ ያስፈለገው ሰውነታችን ሰንሰለቱን የሚያስረዝመው በካርቦክሲሉ በኩል፣ ሁለት ሁለት ካርቦን እየጨመረ ስለሆነ ነው። ሊኖሌይክ፣ 18:2 ዴልታ 9፣12፣ መጀመሪያ 6ኛው ላይ ድርብ ቦንድ ይጨመርለትና ጋማ ሊኖሌኒክ፣ 18:3 ዴልታ 6፣9፣12 ይሆናል። ከዚያ ሁለት ካርቦን ሲጨመርለት 20:3 ዴልታ 8፣11፣14 ይሆናል፤ አንድም ቦንድ ከቦታው ሳይነቃነቅ የዴልታ ቁጥሮቹ ሁሉ በ2 አደጉ። ከዚያ 5ኛው ላይ ሌላ ድርብ ቦንድ ሲገባ አራኪዶኒክ ይሆናል። በዚህ ጉዞ ሁሉ ኦሜጋው 6 ሆኖ ቀርቷል። የዘር ሐረጉን የሚጠብቀው ኦሜጋ ነው።

የሰው ሰውነት ከ9ኛው ካርቦን አልፎ ወደ ሜታይሉ በኩል ድርብ ቦንድ የሚያስገባ ኤንዛይም የለውም። ስለዚህ ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3ን ከባዶ መሥራት አይችልም፤ ሊኖሌይክና አልፋ ሊኖሌኒክ ከምግብ የግድ የሚገኙ የተባሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ጆርጅና ሚልድረድ ቡር የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ምግባቸው ከስብ የጸዳ አይጦች ላይ ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1929 ነው።

ስለ ግሪክ ፊደላቱ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ፤ ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው እዚህ ነው። «ቤታ ኦክሲዴሽን» ሲባል ቤታ 3ኛው ካርቦን ነው፤ ከካርቦክሲሉ ቀጥሎ ያለው 2ኛው አልፋ፣ ቀጥሎ ያለው ቤታ ይባላልና። «አልፋ ሊኖሌኒክ» እና «ጋማ ሊኖሌኒክ» ላይ ግን ፊደሉ ካርቦን አይጠቁምም፤ ሁለት 18:3 አሲዶችን ለመለየት ብቻ የገባ ነው። ኮሌስትሮል ላይ «3-ቤታ» ሲባል ደግሞ ሃይድሮክሲሉ ከቀለበቶቹ ጠለል በላይ ነው ማለት ነው። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ትርጉም። ፊደሉን ስታዪ መጀመሪያ የሚወራው ስለ የትኛው ክፍል እንደሆነ አጣሪ።

የሥርዓት ስሞቹም ከባድ አይደሉም። ስቴአሪክ አሲድ ኦክታዴካኖይክ አሲድ ነው፤ «ኦክታዴካ» 18 ነው፣ ድርብ ቦንድ የለም። ኦሌይክ ሲስ-9-ኦክታዴሴኖይክ አሲድ ነው። ልዩነቱ «ካ» እና «ሴ» ብቻ ስለሆነ በእጅ ስትጽፊ በቀላሉ ይዘለላል። ሁለት ድርብ ቦንድ ሲኖር «ዳይኖይክ»፣ ሦስት ሲኖር «ትራይኖይክ» ይሆናል። መጨረሻውም ይቀያየራል፦ አሲድ ሆኖ ሲጻፍ ፓልሚቲክ፣ ፕሮቶኑን ጥሎ አሉታዊ ቻርጅ ሲይዝ ፓልሚቴት፣ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ሲጣበቅ ፓልሚቶይል። የካርቦክሲሉ ፒኬኤ (ግማሹ ፕሮቶኑን የሚጥልበት ፒኤች) 4.8 ገደማ በመሆኑ በደም ፒኤች፣ ማለትም በ7.4፣ ያለው በአብዛኛው ፓልሚቴት ነው።

የተለመዱ ስሞችን ግን መያዝ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ አቋራጭ የለም። ላውሪክ 12:0፣ ሚሪስቲክ 14:0፣ ፓልሚቲክ 16:0፣ ስቴአሪክ 18:0፣ ኦሌይክ 18:1፣ ሊኖሌይክ 18:2፣ አልፋ ሊኖሌኒክ 18:3፣ አራኪዶኒክ 20:4። ተመሳሳይ የሚመስሉትን ጎን ለጎን አድርገሽ አጥኚ፦ ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ የአንድ ድርብ ቦንድ ልዩነት አላቸው፤ አራኪዲክ 20:0 ሲሆን አራኪዶኒክ 20:4 ነው፤ ፓልሚቶሌይክ 16:1 ነው። የካርቦን ቁጥሮቹ በአብዛኛው ተጋማሽ (ለ2 የሚካፈሉ) የሆኑት ሰንሰለቱ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቀጠለ ስለሚሠራ ነው፤ 15:0 እና 17:0 በጥቂቱ የሚገኙት የሚያመሰኩ እንስሳት ወተት ውስጥና ባክቴሪያ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። ስቴአሪክ አሲድ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አንድ ሲስ ድርብ ቦንድ ሲገባበት ኦሌይክ ይሆንና ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለት ሲሆን፣ ሊኖሌይክ፣ ከዜሮ በታች 5፤ ሦስት ሲሆን ከዜሮ በታች 11። የካርቦኑ ብዛት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው። ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ለመለያየት ብዙ ሙቀት ይፈልጋሉ። ሲስ ድርብ ቦንድ ሰንሰለቱን ስለሚያጎብጠው መጠጋጋቱን ያበላሸዋል። ትራንስ ሲሆን ግን ሰንሰለቱ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ለዚህ ነው የኦሌይክ ትራንስ አቻ የሆነው ኢላይዲክ አሲድ 45 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው። ስለዚህ ኦሌይክን ስትስዪ 9ኛውና 10ኛው ላይ ያሉት ሁለት ሃይድሮጅኖች በአንድ ወገን መሆናቸውን አረጋግጪ። ሰንሰለቱን ቀጥ አድርገሽ ከሣልሽው የሣልሽው ኢላይዲክን ነው።

የፓልም ዘይት ፋቲ አሲዶች ውስጥ ፓልሚቲክ ብቻ 44 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የኑግ ዘይት ደግሞ በብዛት ሊኖሌይክ ነው፤ የአገራችን ኑግ ላይ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ በኅዳር ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚህ ሙቀት የፓልሙ ሳቹሬትድ (ድርብ ቦንድ የሌለው) ክፍል መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ይረጋል። ኑጉ ለመርጋት የሚፈልገው ብርድ ከዚህ እጅግ የባሰ ነው። የፓልሙ መርጋት የመበላሸት ወይም የመቀላቀል ምልክት አይደለም፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

የድርብ ቦንድ መብዛት ግን ዋጋ አለው። በሁለት ድርብ ቦንዶች መካከል ያለው ሜቲሊን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ ስለሚለቅ ኦክስጅን ጥቃቱን የሚጀምረው እዚያ ነው። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ በመሆኑ ቶሎ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተልባን ሳይፈጩ አስቀምጦ ሲፈለግ መፍጨቱ የሚሻለውም ለዚህ ነው። የቅቤ መሻገት መንገዱ ሌላ ነው። ቅቤ ውስጥ ባለ 4 ካርቦኑ ቡቲሪክ አሲድ አለ፤ ከግሊሰሮል ጋር ተያይዞ እስካለ ድረስ አይሸትም። ውሃና ሊፔዝ የሚባለው ኤንዛይም ሲያላቅቁት ግን ያ ኃይለኛ ሽታ ይመጣል። ቅቤ ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ የወተቱ ዝቃጭ ይወጣል፣ ኤንዛይሙም በሙቀት ይሞታል፤ ንጥር ቅቤ ዕድሜ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ግሊሰሮሊፒድ። ግሊሰሮል ሦስት ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮክሲል አለው። ሦስት ፋቲ አሲዶች በኤስተር ቦንድ ሲያያዙበት ሦስት ውሃ ይወጣና ትራይግሊሰራይድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ዓለም አቀፍ የአሰያየም ምክር ትራይአሲልግሊሰሮል የሚለውን ይመርጣል፤ ሐኪም ቤት ግን አሁንም የሚሠራበት የድሮው ነው፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ስብና ዘይት የምንላቸው በዋናነት እነዚህ ናቸው።

አንዱን አብረን እናስላ፤ ሦስቱም ስቴአሪክ የሆኑበትን ትራይስቴአሪን። ስቴአሪክ አሲድ 18 ካርቦን፣ 36 ሃይድሮጅን፣ 2 ኦክስጅን አለው። በሦስት አባዢ፦ 54፣ 108፣ 6። ግሊሰሮልን ደምሪ፤ 3 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅን፣ 3 ኦክስጅን፦ 57፣ 116፣ 9። ሦስት ውሃ ቀንሺ፤ 6 ሃይድሮጅንና 3 ኦክስጅን፦ 57፣ 110፣ 6። ሞላር ክብደቱ 891 ገደማ ነው። ውሃውን መቀነስ ከተረሳ 945 ይመጣል፤ መልስሽ በ54 ከበለጠ ስህተቱ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእያንዳንዱ ድርብ ቦንድ ደግሞ 2 ሃይድሮጅን ይቀነሳል፤ ሦስቱም ኦሌይክ ቢሆኑ 885 ገደማ ይሆናል። ይህን 885 ያዢው፤ የእናትሽ ውጤት ላይ እንፈልገዋለን።

ሁለቱ ጫፎች የተለያየ ፋቲ አሲድ ሲይዙ መካከለኛው ካርቦን ኪራል ይሆናል፣ ማለትም ሞለኪውሉ ከመስታወት ምስሉ ጋር አይገጥምም፤ የትኛው ጫፍ 1 እንደሆነ መወሰን ግድ ነው። «ኤስኤን» የሚለው ምልክት የመጣው ለዚህ ነው። በፊሸር አሣሣል ግሊሰሮሉን ቁልቁል ሳዪ፤ የመካከለኛውን ካርቦን ኦክስጅን በግራ በኩል አድርጊ። አሁን የላይኛው ካርቦን ኤስኤን-1፣ የታችኛው ኤስኤን-3 ነው። ኦክስጅኑን በቀኝ ካደረግሽው ቁጥሩ ይገለበጣል። የቆሽት ሊፔዝ ኤስኤን-1 እና ኤስኤን-3ን ቆርጦ 2ኛውን ይተዋል፤ ከአንጀት የሚመጠጠውም ይኸው የቀረውና ሁለቱ ነጻ ፋቲ አሲዶች ናቸው።

ግሊሰሮፎስፎሊፒድ ላይ ኤስኤን-3 የሚይዘው ፎስፌት ነው። ሁለት ፋቲ አሲድና ፎስፌት ብቻ ሲሆን ፎስፋቲዲክ አሲድ ይባላል። ፎስፌቱ ላይ የሚጨመረው ራስ ስሙን ይሰጣል፦ ኮሊን ሲሆን ፎስፋቲዲልኮሊን፣ ኤታኖላሚን ሲሆን ፎስፋቲዲልኤታኖላሚን፣ እንዲሁም ሴሪን፣ ኢኖሲቶል፣ ግሊሰሮል። ሌሲቲን የሚባለው ፎስፋቲዲልኮሊን ነው፤ የእንቁላል አስኳል ውስጥ በብዛት አለ። ቻርጁን መሸምደድ አያስፈልግም፣ ደምሪው፦ በፒኤች 7 ፎስፌቱ አንድ አሉታዊ ይሰጣል። ኮሊንና ኤታኖላሚን አንድ አንድ አዎንታዊ ስላላቸው ድምሩ ዜሮ ነው። ሴሪን አንድ አዎንታዊና አንድ አሉታዊ ስላለው ድምሩ አንድ አሉታዊ ሆኖ ይቀራል፤ ኢኖሲቶል የራሱ ቻርጅ ስለሌለው እሱም አንድ አሉታዊ ነው።

ሙሉ ስም ይህን ይመስላል፦ 1-ፓልሚቶይል-2-ኦሌዮይል-ኤስኤን-ግሊሴሮ-3-ፎስፎኮሊን። ከግራ ወደ ቀኝ አንብቢው፤ ያለማንበብ የሚቀር ነገር የለም። በጥናት ጽሑፎች ላይ ያጥርና «ፒሲ 34:1» ይሆናል፤ 34 የሁለቱ ሰንሰለቶች ካርቦን ድምር ነው። እዚህ ላይ ሥርዓተ ነጥቡ ራሱ መረጃ ነው። «34:1» ድምሩ ብቻ ታውቋል ማለት ነው፤ 16:0 ከ18:1 ጋር ወይም 16:1 ከ18:0 ጋር ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሰንሰለቶች በሥር ሰረዝ (_) ተለያይተው ከተጻፉ ሰንሰለቶቹ ታውቀዋል፣ ቦታቸው ግን አልታወቀም። በእዝባር (/) ከተለያዩ ቦታቸውም ታውቋል፣ የመጀመሪያው ኤስኤን-1 ነው። መሣሪያው ድምሩን ብቻ አሳይቶ ሳለ በእዝባር መጻፍ ያልተለካውን እንደተለካ ማቅረብ ስለሆነ በጣም ተጠንቀቂ። ስም ፊት «ሊሶ» ካየሽ ደግሞ አንዱ ሰንሰለት ወድቋል ማለት ነው፤ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የሚያወድቀው የኤስኤን-2ን ነው፣ የእባብ መርዝ ውስጥም ይገኛል።

ስፊንጎሊፒድ ላይ ግሊሰሮል የለም። አጥንቱ ስፊንጎሲን ነው፤ 18 ካርቦን፣ ሁለት ሃይድሮክሲልና አንድ አሚኖ ያለው፣ 4ኛው ላይ ትራንስ ድርብ ቦንድ የያዘ አልኮል። ፋቲ አሲዱ የሚያያዘው ከአሚኖው ጋር ስለሆነ ቦንዱ አማይድ ነው፤ ኤስተር ብለሽ ከጻፍሽ ክፍሉን ስተሻል ማለት ነው። ይህ ሴራማይድ ይባላል። 1ኛው ካርቦን ላይ ፎስፎኮሊን ሲጨመር ስፊንጎማይሊን፣ አንድ ስኳር ሲጨመር ሴሬብሮሳይድ፣ ሲያሊክ አሲድ ያለበት የስኳር ሰንሰለት ሲጨመር ጋንግሊዮሳይድ ይሆናል።

ግራ ያጋባሽም እዚህ ይፈታል። «ስፊንጎሊፒድ» የሚለው በአጥንቱ የወጣ ስም ነው፤ «ፎስፎሊፒድ» ፎስፌት ስላለው የወጣ። ስፊንጎማይሊን ሁለቱንም ስላለው ሁለቱም መጻሕፍት ትክክል ናቸው። ግሊሰሮፎስፎሊፒድ ብሎ የመደበው ካለ ግን ተሳስቷል። ጂኤም1፣ ጂኤም2 የሚሉት ስሞችም ይነበባሉ፦ «ጂ» ጋንግሊዮሳይድ፣ «ኤም» አንድ ሲያሊክ አሲድ ያለው ማለት ነው፤ ቁጥሩን ከ5 ላይ ስትቀንሺ የሌሎቹን ስኳሮች ብዛት ታገኛለሽ። ጂኤም2ን የሚሰብረው ኤንዛይም ሲጎድል ቴይ-ሳክስ የሚባለው የሕፃናት በሽታ ይመጣል።

ኮሌስትሮል ሊፒድ ነው፤ ስብ ግን አይደለም። ግሊሰሮልም ፋቲ አሲድም የለውም፣ ሰውነታችንም አቃጥሎ ኃይል አያገኝበትም። 27 ካርቦን አለው፦ ሦስት ባለ ስድስት ካርቦንና አንድ ባለ አምስት ካርቦን ቀለበት፣ 3ኛው ላይ ሃይድሮክሲል፣ 5ኛው ላይ ድርብ ቦንድ፣ 17ኛው ላይ ባለ 8 ካርቦን ጅራት። የሥርዓት ስሙ ኮሌስት-5-ኢን-3-ቤታ-ኦል ነው፤ አሁን ራስሽ ታነቢዋለሽ። ተወላጆቹን በካርቦን ብዛት ያዢ፦ ዋናዎቹ የሐሞት አሲዶች 24፣ ኮርቲሶል 21፣ ቴስቶስቴሮን 19፣ ኢስትራዲዮል 18። ዕፅዋት በኮሌስትሮል ፈንታ እንደ ሲቶስቴሮል ያሉ የራሳቸው ስቴሮሎች አሏቸው። ስለዚህ የዘይት ጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ኑጉንም፣ ሰሊጡንም፣ ፓልሙንም እኩል ይገልጻል፤ አንዱን ከአንዱ ለመምረጥ አይረዳም። መታየት ያለበት የሳቹሬትድ ስቡ መጠን ነው።

ፕሬኖሎች በባለ 5 ካርቦን አይሶፕሪን የተገነቡ ስለሆኑ ቁጥራቸው በአብዛኛው የ5 ብዜት ነው፤ ስኳሊን 30፣ ካሮቲኖች 40፣ ቫይታሚን ኤ 20። ሰም ረጅም ፋቲ አሲድ ከረጅም አልኮል ጋር በኤስተር የተያያዘበት ነው። ፕሮስታግላንዲኖች ከ20 ካርቦን አሲዶች ይወለዳሉ፤ «ፒጂኢ2» ላይ ያለው 2 ከቀለበቱ ውጭ ያሉት ድርብ ቦንዶች ብዛት ነው።

ኤልዲኤልና ኤችዲኤል ከየትኛውም ክፍል አይደሉም፤ የሊፒድ ዓይነቶች ሳይሆኑ ሊፒድን በደም ውስጥ የሚያጓጉዙ ቅንጣቶች ናቸው። ውጫቸው ፎስፎሊፒድ፣ ነጻ ኮሌስትሮልና ፕሮቲን ነው፤ ውስጣቸው ትራይግሊሰራይድና 3ኛው ካርቦኑ ላይ ፋቲ አሲድ የታሠረበት ኮሌስትሮል። «መጥፎ» እና «ጥሩ» በሚባሉት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ያው አንድ ሞለኪውል ነው፤ የተለያየው ተሸካሚውና የጉዞው አቅጣጫ ነው።

ውጤቱ አንዳንድ ቦታ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላ ቦታ በሚሊሞል በሊትር ይጻፋል። ኮሌስትሮልን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመቀየር ለ38.67 ታካፍያለሽ፤ ትራይግሊሰራይድን ለ88.57። ማካፈያው የተለያየው የኮሌስትሮል ሞላር ክብደት 386.65 ስለሆነ፣ ለትራይግሊሰራይድ ደግሞ ቅድም ያሰላነው 885 ገደማ ስለተወሰደ ነው። 200 ሚሊግራም ኮሌስትሮል 5.17 ሚሊሞል ነው፤ 150 ሚሊግራም ትራይግሊሰራይድ 1.69። ለሁለቱም በአንድ ቁጥር ማካፈል ውጤቱን ከእጥፍ በላይ ያዛባዋል።

ኤልዲኤል በብዙ ላብራቶሪ በቀጥታ አይለካም፤ ይሰላል። በሚሊግራም ከሆነ ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ትቀንሻለሽ። ጠቅላላው 200፣ ኤችዲኤል 45፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ከሆነ፣ 200 ሲቀነስ 45 ሲቀነስ 30፣ ኤልዲኤል 125 ይመጣል። አንድ አምስተኛው የሚወክለው ቪኤልዲኤል በሚባለው ቅንጣት ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ነው። ሰው በልቶ ከመጣ ከአንጀት የወጡት ካይሎማይክሮኖች ትራይግሊሰራይዱን ከፍ ስለሚያደርጉት ስሌቱ ኤልዲኤልን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የእናትሽ ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ደግሞ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ኤልዲኤሉ በቀጥታ እንዲለካላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።